የኮከብ ሞትና የሰው ሕይወት

ሰው ከአባቶቹ የሚወርሰው ርስትና ጥሪት ብቻ አይደለም፤ ፍርሃትንም ይወርሳል። ርስት ሲወረስ ወንድም ከወንድሙ፥ እኅት ከእኅትዋ ይካፈሉታልና ለእያንዳንዱ የሚደርሰው እያነሰ ይሄዳል፤ ፍርሃት ግን ለልጆች ሁሉ ሳይጐድል እኩል ይደርሳል። ስለዚህ አባትና እናት የሆኑ ሰዎች ለልጆቻቸው የሚተዉትን ገንዘብ እንደሚቈጥሩ ሁሉ፥ የሚተዉላቸውን ፍርሃት ደግሞ ሊቈጥሩና ሊመረምሩ ይገባቸዋል። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ልጽፍ ያሰብሁት ከእነዚህ የውርስ ፍርሃቶች ስለ አንዱ ነው፤ ይኸውም ስለ ኮከብ ነው።

እኔ ባደግሁበት ቀዬ በሌሊት ኮከብ ሲወረወር የታየ እንደ ሆነ «አንድ ሰው ሞተ» ይባል ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው በሰማይ አንድ ኮከብ አለው፥ ሰውዬውም ሲሞት ኮከቡ ይወድቃል ማለት ነው። ሽማግሌዎች ይህን ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ እኛም ልጆቹ የተወረወረውን ኮከብ በጣታችን ማመልከት እንፈራ ነበር። ትምህርት ቤት ገብቼ ጥቂት ከተማርሁ በኋላ ነገሩ ተረት መሆኑን ዐወቅሁ። ዳሩ ግን ተረት መሆኑን ለራስ ማወቅ አንድ ነገር ሲሆን፥ ለሚፈራ ልጅ ማስረዳት ሌላ ነገር መሆኑን የተረዳሁት ባለቤቴ በታመመች ጊዜ ነው።

ባለቤቴ ሁለተኛውን ልጃችንን የወለደችው በኅዳር መጨረሻ ነበር። ሕፃኑ ደኅና ነበረ፤ እርስዋ ግን በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ስለ ፈሰሳት ፊቷ ገረጣ፥ ጕልበቷ ዛለ፥ ከአልጋ ተነሥታ እስከ በሩ ለመሄድ ሁለት ጊዜ ማረፍ ያስፈልጋት ነበር። ሐኪሙም ደምዋን መርምረው «በደምዋ ውስጥ ያለው ብረት እጅግ ጐድሏል፤ የብረት መድኃኒት ሳታቋርጥ ትዋጥ፤ መዳንዋ በወራት እንጂ በቀናት አይሆንም፤ የባሰ ድካም ወይም ትኵሳት ካያችሁባት ግን ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡዋት» አሉን። ባለቤቴን የሚያስታምሙዋትና ገንፎዋን የሚያገነፉላት እናትዋ፥ ሁላችን እማማ የምንላቸው፥ ከገጠር መጥተው ከእኛ ጋር ተቀምጠው ነበር።

ታኅሣሥ በገባ በአራተኛው ቀን ማታ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጃችን የታጠበውን የሕፃኑን ልብስ ከገመድ ላይ ለማንሣት ወደ ግቢ ወጥታ ሳለች፥ ልብሱን ጥላ እየሮጠች ገባችና «አባዬ፥ ኮከብ ወደቀ! አንድ ብቻ አይደለም፤ ሦስት ወደቁ። እማዬ ልትሞት ነው ወይ?» ብላ አለቀሰች። እናትዋ በመጋረጃው ወዲያ ተኝታ ትሰማ ነበር። እማማም ከምድጃው አጠገብ እንደ ተቀመጡ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አንዲት ቃል አልተናገሩም።

በዚያች ሰዓት «አትሞትም» ብሎ መናገር ቀላል ነበረ። ነገር ግን ዋስ ልሆንበት የማልችለውን ነገር ለልጄ ቃል ልሰጣት አልወደድሁም፤ እኔም ራሴ በልቤ እሰጋ ነበርና። ስለዚህ እጅዋን ይዤ ወደ ግቢ አወጣኋትና እንዲህ አልኋት፦ «ልጄ፥ ኮከቡ ስለ እናትሽ የተናገረው አንዳች ነገር የለም። ስለ እናትሽ የሚያውቁት ሐኪሙ ናቸው፤ እርሳቸውም መድኃኒቱን በደንብ ከዋጠች ቀስ በቀስ ይሻላታል ብለዋል። እኛም የምንጠብቀው ይህን ነው። አሁን ግን ነይና ቍጭ ብለን የሚወድቁትን እንቍጠር።»

ጋቢዬን ለብሰን በደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ቈጠርን። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ 14 ተወረወሩ። ከዚያ በኋላ በምሥራቅ በኩል በአንድ መሥመር የተሰለፉትን ሦስት ኮከቦች አሳየኋትና «ከእነዚህ የጐደለ አለን?» አልኋት። «የለም» አለች። «ሰባቱ ከዋክብትስ በስፍራቸው አይደሉምን?» አልኋት። «አሉ» አለች። «እንግዲህ 14 ወድቀው ሳለ ከሰማይ አንድ ስንኳ ካልጐደለ፥ የወደቀው ነገር ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ልቅሶዋን ትታ ማሰብ የጀመረች በዚያን ጊዜ ነው።

የሚወረወረው ኮከብ በእውነቱ ኮከብ አይደለም። በፀሐይ ዙሪያ የሚዞር፥ የአሸዋ ቅንጣት ወይም የትንሽ ጠጠር ያህል ነገር ነው። ይህ ቅንጣት መሬታችንን ወደ ከበባት አየር በሰከንድ ከ11 እስከ 72 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ሲገባ፥ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በፊቱ ያለውን አየር ጨምቆ ያግለዋል፤ ራሱም ግሎ፥ በርቶ፥ ወዲያው ይጠፋል። ይህ ነገር ሌሊትም ቀንም ሳያቋርጥ ይሆናል። ይልቁንም በየዓመቱ በታኅሣሥ 4 እና 5 ቀን ገደማ መሬት ፋኤቶን የሚባለው ዓለታማ አካል በመንገዱ በተወው ትቢያ ውስጥ ስለምታልፍ፥ በጨለማ ስፍራ ቆሞ ለሚመለከት ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከመቶ የሚበልጡ ሊታዩት ይችላሉ። ልጄ ሦስት ያየችው እንግዲህ እናትዋ ስለ ታመመች አልነበረም፤ ቀኑ ታኅሣሥ 4 ስለ ነበረ ነው።

የልጅ ጥያቄ ግን አንዱን ሲመልሱለት ሌላውን ያመጣል። «እውነተኞቹ ኮከቦችስ አይሞቱም ማለት ነው?» አለችኝ። «ይሞታሉ» አልኋት። ከዚያች ማታ ጀምሮ እናትዋ እስክትነሣ ድረስ፥ ራት ከበላን በኋላ ጥቂት ጥቂት እየተጫወትን የነገርኋትን ነው አሁን ለአንባቢዎች በሥርዓቱ የምጽፈው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኦሪዮን ከሚባሉት ከዋክብት መካከል፥ ከሦስቱ ተሰላፊዎች ጥቂት ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ፥ ጭስ የመሰለ ደብዛዛ ነጥብ ይታያል። እርሱ ኮከብ ሳይሆን የጋዝና የትቢያ ደመና ነው፤ ኮከቦችም የሚወለዱበት ስፍራ ነው። ከእኛ ያለው ርቀት 1,300 የብርሃን ዓመት ያህል ነው። ብርሃን በአንድ ሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ ከፀሐይ ተነሥቶ ወደ እኛ ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ከዚያ ደመና ተነሥቶ ዛሬ ማታ ወደ ዐይናችን የሚገባው ብርሃን ግን ጕዞውን የጀመረው ከ1,300 ዓመት በፊት ነው።

እንደዚህ ያለው ደመና እጅግ ቀዝቃዛ ነው፤ ኮከብ የሚወለድበት ውስጣዊ ክፍሉ ከዜሮ በታች ከ250 ዲግሪ ይልቅ የሚበርድ ነው። ማንኛውም ግዙፍ ነገር ሌላውን ወደ ራሱ ይስባልና፥ በደመናው ውስጥ ጋዙ ጥቂት ረጋ ብሎ በተሰበሰበበት ስፍራ ዙሪያውን ያለውን ይስባል፤ በሳበ ቍጥር ይከብዳል፥ በከበደም ቍጥር አብዝቶ ይስባል። ሲጨመቅም ይሞቃል። እንዲህ እየሆነ ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ የመካከሉ ሙቀት 10 ሚሊዮን ዲግሪ ያህል ሲደርስ፥ የሃይድሮጅን እንብርቶች እርስ በርሳቸው እየተጋጩ መዋሐድ ይጀምራሉ። ኮከብ ተወለደ የሚባለው ያን ጊዜ ነው። ፀሐያችንም ከ4.6 ቢሊዮን ዓመት በፊት የተወለደችው እንደዚሁ ነው፤ መሬታችንም የተሠራችው በፀሐይ ዙሪያ ሲሽከረከር ከቀረው ትራፊ ነው።

ኮከብ ከምን እንደ ተሠራ ያስታወቁት አንዲት ሴት መሆናቸውን ለልጄ ስነግራት እጅግ ደስ አላት። ሲሲልያ ፔይን የተባሉ እንግሊዛዊት በካምብሪጅ ተምረው ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ያ ዩኒቨርሲቲ ለሴቶች የማዕርግ ምስክር ወረቀት አይሰጥም ነበርና፥ በ1923 ወደ አሜሪካ ተሻግረው በሃርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። በ1925 ባቀረቡት ጽሑፍ ከዋክብት ከሁሉ ይልቅ የተሠሩት ከሃይድሮጅንና ከሂሊየም መሆኑን አስረዱ። የዚያ ዘመን ሊቃውንት ግን ፀሐይ እንደ መሬት ያለች ትመስላቸው ነበር። ከእነርሱም ታላቁ ሄንሪ ኖሪስ ራስል «ይህ ሊሆን አይችልም» ስላሉዋቸው፥ ወጣቲቱ የራሳቸውን ግኝት በራሳቸው ጽሑፍ ውስጥ እንዲጠራጠሩት ሆኑ። ራስል ግን በ1929 በሌላ መንገድ መርምረው ወደዚያው ውጤት ደረሱና ፔይን ትክክል እንደ ነበሩ ጻፉ። እኒህ ሴት ሦስት ልጆች ወልደው አሳድገዋል፤ በ1956 በሃርቫርድ የፕሮፌሰርነት ማዕርግ አግኝተዋል። ልጄ ይህን ሰምታ «እናት ሆነው ነው?» ብላ ጠየቀች፤ «አዎን፥ እናት ሆነው ነው» አልኋት።

በፀሐይ መካከል 15 ሚሊዮን ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት በየሰከንዱ 600 ሚሊዮን ቶን ያህል ሃይድሮጅን ወደ ሂሊየም ይለወጣል፤ ከዚያም ውስጥ 4 ሚሊዮን ቶን ያህሉ ብርሃንና ሙቀት ሆኖ ይወጣል። የኮከቡ ክብደት ወደ ውስጥ ይጫነዋል፥ ሙቀቱ ደግሞ ወደ ውጭ ይገፋዋል። በእሳት ላይ የተጣደች ድስት ክዳንዋ ወደ ታች ሲጫን እንፋሎትዋ ወደ ላይ እንደሚገፋ ያለ ነው። ሁለቱ እኩል ሆነው እስከ ቆዩ ድረስ ኮከቡ ይኖራል፤ የኮከብ ዕድሜ ማለትም የዚህ ሚዛን ዕድሜ ነው።

በዚህ ነገር ልብ ሊባል የሚገባው፥ ትልቅ ኮከብ ብዙ ማገዶ ስላለው ረጅም ዘመን አለመኖሩ ነው። አንድ ቤት በግቢው ውስጥ የተከመረ እንጨት ሳለው ቀንና ሌሊት ሦስት ጕልቻ ሙሉ ቢያነድ፥ ሌላው ቤት ደግሞ አንድ ሸክም እንጨት ብቻ ኖሮት በጥቂት በጥቂቱ ቢማግድ፥ ቀድሞ የሚጨርሰው ባለ ክምሩ ነው። ከዋክብትም እንዲሁ ናቸው። ከፀሐይ 20 ጊዜ የሚከብድ ኮከብ 10 ሚሊዮን ዓመት ያህል እንኳ መኖር ይከብደዋል፤ ፀሐይ 10 ቢሊዮን ዓመት ያህል ትኖራለች፤ ከፀሐይ ጎረቤቶች ሁሉ የቅርቡ ፕሮክሲማ የተባለው ትንሽ ቀይ ኮከብ ግን፥ 4.2 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ ሳለ ያለ መነጽር እስከማይታይ ድረስ ደብዛዛ ቢሆንም፥ ከፀሐይ ብዙ መቶ እጥፍ ዕድሜ አለው።

የከዋክብት ሞት ሁለት ዓይነት ነው። እንደ ፀሐይ ያሉት አሟሟታቸው የረጋ ነው። ፀሐይ ከ5 ቢሊዮን ዓመት ያህል በኋላ በመካከልዋ ያለው ሃይድሮጅን ሲያልቅባት አብጣ ቀይ ግዙፍ ትሆናለች፤ ለእርስዋ የቀረቡትን ሜርኩሪንና ቬኑስን ትውጣለች፤ መሬትንም ሳትጨምር አትቀር ይሆናል። በዚያን ጊዜ ሂሊየሙ ወደ ካርቦንና ወደ ኦክሲጅን ይለወጣል። በመጨረሻም የላይኛው ልብስዋ በጠፈር ተበትኖ፥ የመሬትን ያህል የምታንስ፥ ነገር ግን ከፀሐይ ክብደት ግማሹን ያህል የያዘች ፍም ትቀራለች። ሊቃውንት ነጭ ድንክ ይሉዋታል። ፍሙ አዲስ እሳት አያነድም፤ በቢሊዮኖች ዓመታት ውስጥ እየበረደ ይሄዳል እንጂ።

ከእነዚህ ፍሞች አንዱ በሌሊት ሰማይ ከሚታዩት ኮከቦች ሁሉ ደማቅ የሆነው የሲሪየስ ጓደኛ ነው። ሦስቱ ተሰላፊዎች ወደ እርሱ ያመለክታሉ፤ ርቀቱም 8.6 የብርሃን ዓመት ነው። በ1844 ቤሰል የተባሉ ጀርመናዊ ሊቅ ሲሪየስ በመንገዱ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲወላወል አይተው «በአጠገቡ የሚስበው የማይታይ ነገር አለ» አሉ። በ1862 ደግሞ አልቫን ክላርክ የተባሉ አሜሪካዊ መነጽር ሠሪና ልጃቸው አዲስ የሠሩትን ትልቅ መስተዋት ሊፈትኑ ወደ ሲሪየስ አነጣጥረው ሳለ፥ ልጅየው በአጠገቡ አንዲት ትንሽ ነጥብ አየ። የማይታየው ታየ፤ ያየውም በአባቱ እጅ ሙያ የተማረ ልጅ ነበረ።

ትልልቆቹ ኮከቦች ግን በጸጥታ አይሞቱም። ሃይድሮጅናቸው ሲያልቅ ሂሊየሙን፥ ሂሊየሙ ሲያልቅ ካርቦኑን፥ ከዚያም ሌላውን ሌላውን እያነደዱ፥ መካከላቸው እንደ ሽንኩርት በልብስ ላይ ልብስ የተደራረበ ይሆናል። በመጨረሻ በመካከሉ የሚቀረው ብረት ነው። ብረት ደግሞ ማገዶ አይሆንም። በምድጃችን ውስጥ ብረት ብንጨምር እሳቱን ወስዶ ይግላል እንጂ እንደ እንጨት ነዶ ሙቀት እንደማይሰጠን ሁሉ፥ በኮከቡም ውስጥ ብረት ቢዋሐድ ሙቀት ይወስዳል እንጂ አይሰጥም። ስለዚህ ወደ ውጭ የሚገፋው ኀይል ይጠፋል፤ የሚጫነው ክብደት ያሸንፋል፤ የመሬትን ያህል የነበረው እንብርት አንድ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ወደ ውስጥ ይደረመሳል። ከእርሱ በላይ ያለው ልብስ ሁሉ ግን ፈንድቶ በጠፈር ይበተናል። ከእንብርቱ የሚተርፈውም አንዳንድ ጊዜ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፥ ከፀሐይ ይልቅ የሚከብድ ክብ አካል ነው።

በ1054 ቻይናውያን የሰማይ ተመልካቾች ከዚያ በፊት ያልነበረ ኮከብ አይተው ጽፈዋል፤ 23 ቀን ሙሉ ፀሐይ እየበራች ሳለ በቀን ይታይ ነበር። የዚያ ኮከብ ፍርስራሽ ዛሬም በመነጽር ይታያል፤ በመካከሉም በየሰከንዱ 30 ጊዜ ያህል የሚሽከረከረው ትራፊው በ1968 ተገኝቷል። በእኛ ዘመን ደግሞ በ1987 በፌብሩዋሪ ወር 168,000 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ የነበረ አንድ ኮከብ ሲፈነዳ በደቡብ በኩል ያሉ ሰዎች ያለ መነጽር በዐይናቸው አይተውታል። ሊቃውንት ብርሃኑ እንዴት እየከሰመ እንደ ሄደ ቀን በቀን ለክተው፥ በፍንዳታው ብዙ ኒኬል መሠራቱን፥ ኒኬሉም በጥቂት ወራት ውስጥ በመጀመሪያ ወደ ኮባልት፥ ቀጥሎም ወደ ብረት መለወጡን ዐወቁ። በዚያ በአንድ ኮከብ ሞት የተገኘው ብረት ክብደቱ 20,000 መሬቶች ቢሰበሰቡ ከሚኖራቸው ክብደት ይበልጣል። ከዚህም በቀር ነጭ ድንክ የሆነ ኮከብ ከጎረቤቱ ጋዝ እየሳበ ከመጠን በላይ ሲከብድ ራሱ ፈንድቶ እጅግ ብዙ ብረት ይበትናል። በዓለም ያለው ብረት ሁሉ የመጣው እንደዚህ ካሉት የከዋክብት ሞቶች ነው። የገበሬው ማረሻ፥ የወጥ ቤቱ ቢላዋ፥ የልብስ ስፌቱ መርፌ፥ ሁሉም ከዚያ የመጡ ናቸው።

ወደ ባለቤቴ ሕመም የምመለሰው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ጐልማሳ ሰው አካል ውስጥ ያለው ብረት 3 ወይም 4 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ ከአንድ ሚስማር አይበልጥም። ከእርሱም የሚበዛው በደም ውስጥ ሆኖ፥ ከሳንባ ኦክሲጅንን ተሸክሞ ለአካል ሁሉ ያደርሳል። ያ ሚስማር የሚያህለው ነገር ሲጐድል ነው ሰው እስከ በሩ መሄድ የሚሳነው። ልጄ በየጧቱ መድኃኒቱን ለእናትዋ የማቅረብን ሥራ ተቀበለች። ሐኪሙ እንዳዘዙት የሎሚ ጭማቂ አብራ ታቀርብ ነበር፤ ሻይና ቡና ብረቱ በደም እንዳይገባ ስለሚያግዱ፥ መድኃኒቱ በተዋጠበት ሰዓት ጀበናውን እንኳ ወደ አልጋው አታስጠጋም ነበር። አንድ ቀን ፍሬዋን በመዳፍዋ ይዛ «ይህ ከኮከብ የመጣ ነው?» አለችኝ። «አዎን፤ መሬት ሳትፈጠር በፊት ከሞቱ ኮከቦች የመጣ ነው» አልኋት።

እማማ ይህን ሁሉ ዝም ብለው ይሰሙ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት «የአሁን ዘመን ሰዎች የአባቶችን ቃል ታቃልላላችሁ» ብለው አዝነውብኝ ነበርና፥ «እማማ፥ አባቶች ሰማዩን አስተውለው መመልከታቸውን አከብራለሁ፤ እኔም ከእነርሱ የተማርሁት መመልከትን ነው» ብዬ መልሼላቸው ነበር። ያን ቀን ግን ከልጅቱ እጅ ፍሬዋን ተቀብለው በመብራቱ አገላብጠው ካዩዋት በኋላ እንዲህ አሉ፦ «እንግዲያስ ነገሩን ገልብጠው ነዋ የነገሩን! ኮከብ ሲወድቅ ሰው ይሞታል ሳይሆን፥ ኮከብ ስለ ሞተ ሰው ይኖራል ሊባል ይገባው ነበር።» እኔ በብዙ ማታ ካስረዳሁት ይልቅ የእርሳቸው አንዲት ቃል በቤታችን ቀረች።

ባለቤቴ በመጋቢት ወር ድናና ጠንክራ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ያዳናት ሕክምናና የእናትዋ እንክብካቤ እንጂ ስለ ከዋክብት የተጫወትነው ጨዋታ እንዳልሆነ ማንም አይስተውም። ልጃችንም በእነዚያ ወራት ስለ እናትዋ መስጋቷን አልተወችም፤ ልትተውም አይገባትም ነበር፥ ሕመሙ እውነት ነበረና። ነገር ግን የምትሰጋው ስለ ሕመሙ ሆነ፤ ለሕመሙም የምታደርገው ሥራ ነበራት። በሌሊት ወደ ግቢ ለመውጣት መፍራቷ ግን ቀረ። ዕውቀት ለሰው የሚያደርግለት ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ፍርሃትን ሁሉ አያጠፋም፤ ፍርሃትን ከማይገባው ስፍራ አንሥቶ በሚገባው ስፍራ ያኖረዋል።

ከኦሪዮን ኮከቦች መካከል ከሦስቱ ተሰላፊዎች ወደ ሰሜን በኩል ያለው ቀዩ ኮከብ ቤቴልጌዝ ይባላል። በፀሐይ ስፍራ ቢቀመጥ መሬትንና ማርስን እስኪውጥ ድረስ ግዙፍ ነው። ዕድሜው 10 ሚሊዮን ዓመት ያህል ብቻ ሳለ ሸምግሏል። በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ ብርሃኑ ከተለመደው እጅግ ስለ ቀነሰ፥ በብዙ አገር ያሉ ሰዎች «ሊሞት ነው» እያሉ በየማታው ይመለከቱት ነበር። ሊቃውንት ግን ነገሩን በትዕግሥት መርምረው፥ ኮከቡ የተፋው ጋዝ በርዶ ትቢያ ሆኖ ብርሃኑን እንደ ጋረደው ዐወቁ፤ ብርሃኑም ተመለሰ። የሚሞትበት ጊዜ በ100,000 ዓመት ውስጥ ይሆናል ተብሎ ይገመታል። በሚፈነዳበት ጊዜ በቀን ይታያል፤ ነገር ግን ከ500 እስከ 700 የብርሃን ዓመት ያህል ስለሚርቅ መሬትን አይጐዳም። ከዚያ የሚበተነው ብረትና ኦክሲጅንም በጠፈር ካሉት ደመናዎች ጋር ይቀላቀላል፤ ከእነዚያ ደመናዎች ሌሎች ፀሐዮችና ሌሎች መሬቶች ይሠራሉ።

ወላጆች ሆይ፥ ይህን ለልጆች ለማሳየት ገንዘብ አያስፈልግም። በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ የጠራ ነው። ራት ከተበላ በኋላ መብራቱን አጥፍቶ ሩብ ሰዓት ያህል በደጅ መቀመጥ ይበቃል። ከሦስቱ ተሰላፊዎች በታች ያለው ጭስ መሳይ ነጥብ የሚወለዱትን፥ ቤቴልጌዝ የሸመገለውን ያሳያል፤ ሲሪየስ ደግሞ በአጠገቡ ያለውን፥ ያለ መነጽር የማይታየውን ፍም ያስታውሳል። ዐቅሙ የሚፈቅድለት ደግሞ በእንጦጦ ተራራ ላይ መስተዋታቸው 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት መነጽሮች ለሰማይ ምርምር መተከላቸውን ለልጁ ይንገረው፤ ነገ በእነዚያ የሚመለከተው የማን ልጅ እንደሚሆን ማን ያውቃል?

ልጁ በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ «ኮከብ ይሞታል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ «አዎን፥ ይሞታል» ብሎ ለመመለስ ማንም አይፍራ። ልጅ የሚጐዳው እውነቱን በመስማቱ አይደለም፤ እውነቱ በግማሽ ተነግሮት ሌላው ግማሽ ሲቀርበት ነው። ስለዚህ መሞቱን ከነገሩት በኋላ፥ የሞተው ኮከብ ምን ትቶ እንደ ሄደና የተወውም ነገር ዛሬ በማን ደም ውስጥ እንዳለ ጨምሮ መንገር የወላጅ ፋንታ ነው።